ከበሩ የተነሳሁበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
ጠዋት ጎደሬ ላጥኩ። ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ ዝናብ መጣ። ማንገሬ፣ የስደት ሰፈራችን፣ ያልዘነበበት ቀን መቼ አለ?

ከሰዓት፣ የቶንጋ ማኅበራችንን ወክዬ የጤና ቢሮው ስብሰባ። ኃላፊዋ ወረቀቷን ገለበጠችና፣ «የቶንጋ ሰዎች ቀጠሮ አያከብሩም» አለች። ለቅዳሜው የኩላሊት ምርመራ ከተጠሩት አርባ ሰዎች የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ስለዚህ ይዘጋል።

«አያከብሩም? ለክብርማ ከእኛ ወዲያ ላሳር!» አልኳት። አራት ቅዳሜ ጠየቅኩ። ሁለት ሰጠችኝ። ሠላሳ ሰው ካልመጣ በሩ ይዘጋል... እናያለን።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10
ከጠዋት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ ተቀምጬ መዘገብኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሽንት ስንት ጊዜ... የመጡት ሰባት ብቻ፣ ሁሉም ሴቶች።

ወንድሜ ሴሚሲ መኪናውን አጥሩ ጋ አቆመ። አየኝ። ዞሮ ሄደ! እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎታል። አባታችንን የገደለው ኩላሊት አይደል? ፈሪ! ተናድጄ ምሳ እንኳ አልበላሁ።

እሁድ፣ ሜይ 11
ከቅዳሴ በኋላ የሴሚሲን ሚስት ኬሳያን ያዝኳት። «ባልሽ ምን ነካው?»

ሳቀችብኝ። «እትዬ ሉሴአኔ፣ አንቺ እህቱ በር ላይ ተቀምጠሽ ስለ ሽንቱ ልትጠይቂው? ከሚነግርሽ ሞቱን ይመርጣል። ሌሎቹም ያው ናቸው። የሁሉም እህት እዚያው አዳራሽ ውስጥ አይደለች?»

ሴሚሲ እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ስገባ የሚወጣ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን አይተን አናውቅም። በእኛ ወግ ወንድምና እህት የሚከባበሩት እንዲህ ተራርቀው ነው። ይህንን እኔ ልርሳው? ማስታወቂያው ላይ «መላው ቤተሰብ በአንድነት ይምጣ» ብሎ የጻፈው ማነው? እኔ! በገዛ እጄ። ቢሮ ለቢሮ ስዞር ቋንቋቸው ተጋብቶብኛል። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14
ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ። ለወንዶቹ ሌላ አዳራሽ፣ በሩ ላይ ወንድ መዝጋቢ፣ ወንድ ነርስ። ሴት ዝር አትልም።
«ቤተሰብ መነጣጠል ከመመሪያችን ጋር አይሄድም።»
«መመሪያው ኩላሊት አለው?»
«ለማንኛውም ቅዳሜ እርስዎ ይገኙ። አለቃዬ ይመጣሉ፣ ፎቶ አለ።»
«አልገኝም።»
«የማኅበሩ መሪ እርስዎ አይደሉ?»
«ለዚህ እኮ ነው የማልመጣው!»
ሠላሳ ካልሞላ ጥፋቱን በእኔ ስም እንደምትጽፈው ነገረችኝ። ትጻፈው! ስሜንም ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ እንዳትሳሳት።

ዓርብ፣ ሜይ 16
ቄሱን፣ ማታ ተሰብስበው ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ የሚጠጡት ወንዶች ጋ ላክኋቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሉሴአኔ በሩ ላይ አለች?» ብሎ ጠየቀ አሉ። «የለችም» ሲሉት፣ «እንግዲያው መርፌም ቢሆን እንወጋለን» አለ። ይሄን ያህል አስፈሪ ነኝ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
ቤት ዋልኩ። ሰሌን ልሠራ ተቀመጥኩ፤ ሦስቴ ፈታሁት። ሃያ ዓመት ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ቤት መዋል እንዴት ይከብዳል! ቁልፌን ሁለት ጊዜ አንስቼ መለስኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኬሳያ ደወለች። «አርባ ስድስት ወንድ! ነርሱ ወረቀት አለቀበት!» ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፣ ይስማ!

የሴሚሲ ነገር ግን እንዴት ይጠየቃል? «ዝናቡ... እናንተ ጋ እንዴት ነው?» አልኳት።

ገባት። «ሰኞ ሆስፒታል ይፈልጉታል። ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ግን በጊዜ ደርሷል ብለዋል» አለች።

ኃላፊዋም ደወለች። ምርመራው ይቀጥላል፤ ግን በሚቀጥለው ለፎቶው እባክዎ ብቅ ይበሉ... እምቢ አልኳት።

ከሴሚሲ ጋር ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታችን አንነጋገርም። አይንገረኝ። ይኑርልኝ ብቻ።