ፎጣ የጣልኩባት ጥጃ

ውድ አክስቴ ናፊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ሪሃና እንደምትሆን አውቃለሁ። ሪሃና፣ ስሜን አይተሽ እንዳትቀጂው። እስከ መጨረሻው አንብቢላቸውና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ስደቢኝ።

ከድሬ ጠያራ እርስዎ እስካሉበት ጀጎል ሩቅ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ወተት ይዤ ሸዋ በር እመጣለሁ፤ ከዚያ ቤትዎ በእግር ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅዎን አልረገጥኩም። ባለፈው የሻዕባን ወር ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሲመርጡ አየሁዎት። ከስተዋል። እኔ ከማሽላ ጆንያ ኋላ ተደብቄ እስኪያልፉ ቆየሁ። ባለ ማሽላው «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አልኩት። ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነበር።

ያን ቀን አልረሱትም። አባቴ ሲሞት «የወንድሜ ቤት ወተት አይጣ» ብለው የሰጡኝ ቡሬ የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ጊዜ ነው። አማቾቼ መጥተው ስለነበር ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እንገሩን፣ ያንን ወፍራም የመጀመሪያ ወተት፣ አንጠፍጥፌ አለብኩና ግማሹን ለእነሱ አፈላሁ፣ ግማሹን ለጎረቤት በየጣሳው ላክሁ። መቼም በእኛ መንደር እንገር ያልላከ ሰው ንፉግ ነው። ጥጃዋን ጥግ ላይ አስሬያት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጎንበስ ብለው ጥጃዋን አተኩረው አዩአት።

«አብዱልፈታ፣ ይህች ጥጃ እንገር ቀምሳለች?»

«ትደርስበታለች አክስቴ፤ እንግዳ ይቅደም።»

«ተው ልጄ። ይህች ጥጃ አትቆምም።»

አማቴ የገባችው ይህን የመጨረሻ ቃል ሲናገሩ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማሻአላህ እንኳ አላሉም» አለችኝ። ያኔ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ ጥጃዋ ላይ ጣልኩባት። ከዐይንዎ ልሸሽጋት ነው። እርስዎ ፎጣውን አዩ፣ እኔን አዩና ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ገደላት። ጎረቤቱ ሲሰበሰብ፣ «አክስቴ ማሻአላህ ሳይሉ አይተዋት፣ አትቆምም ብለው ነበር» አልኩ።

አክስቴ፣ ውሸት አልተናገርኩም። ግን እርስዎ የተናገሩት ሁለት ነገር ነበር፣ እኔ ለሰው የነገርኩት አንዱን ብቻ ነው። ስለ እንገሩ የጠየቁኝን ዋጥኩት። ረስቼው አይደለም። እሱን ብናገር ጥጃዋን ማን እንደገደላት ይታወቅ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ እርስዎ ሲያልፉ ወተታቸውን መክደን ጀመሩ። ጎረቤታችን ነጂባ ልጇን በሻሿ ሸፈነች፤ እርስዎ ራስዎ ያዋለዷትን ልጅ! በወሩ ሪሃና መጥታ ወደ ጀጎል ወሰደችዎት። ዕቃዎን ተሸክሜ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰውም «አብዱልፈታ ደግ ነው፣ ቂም አልያዘም» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ምስጋና ነው።

ዘንድሮ ቡሬ እንደገና ስትከብድ ፈራሁና ራሔል የምትባል የእንስሳት ሐኪም አማከርኩ።

«የፊተኛዋ ጥጃ በምን ሞተች?» አለችኝ።

«በዐይን።»

«እንገር ጠብታ ነበር?»

«እንግዳ ነበረብኝ» አልኳት።

«ጥጃ ስትወለድ በሽታ የምትቋቋምበት አቅም የላትም። የምታገኘው ከእንገሩ ነው፤ እሱንም በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠባች ነው። የእናንተን ጥጃ ዐይን አልበላትም፣ ወንድሜ።»

እርስዎ ፊደል ሳይቆጥሩ የነገሩኝን ነው ተምራ መጥታ የደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ። በኮርማ የተጠቃችበትን ቀን በር ላይ በከሰል ጽፌ ወሩን ቆጠርኩ። ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ማለብ አቆምኩ፤ የሸዋ በር ደንበኞቼ ቢያኮርፉም ቻልኩት። ፉርሽካና ጨው ጨመርኩላት፣ መውለጃዋ ላይ ደረቅ ጭድ ጎዘጎዝኩ።

ሰኞ ማለዳ ሴት ወለደች። እትብቷን አዮዲን ቀባሁ። ጡቱን ፈልጋ ስታጣ አፏን ይዤ አስያዝኳት፤ ጭራዋን እያወዛወዘች ስትጠባ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አሁንም ከአራቱ ጡት ሁለቱን ለእሷ እተዋለሁ። ጎረቤት ጣሳ ይዞ መጥቶ «እንገሩስ?» ሲለኝ «ዘንድሮ የጥጃዋ ነው» አልኩ። ንፉግ ሆነሃል አሉኝ። ልሁን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ሳይበተን መስጊዱ ደጅ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጠየቁኝንም፣ የመለስኩትንም፣ የደበቅኩትንም። ሽማግሌው ዓሊዪ «ሁለት ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር?» አሉኝ። ነጂባ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አንዳንዱ ደግሞ ዛሬም አላመነኝም፤ ዐይን ነው ማለቱ ይቀለዋል።

አክስቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ባይሉኝም እውነት አለዎት። ሐሙስ ጠዋት ወተቴን ካስረከብኩ በኋላ በርዎ ላይ እቆማለሁ። ካልከፈቱልኝ ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ ማክሰኞም እመጣለሁ። ከእንግዲህ ከጆንያ ኋላ አልገባም።

ጥጃዋ ደጅ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው። አላፊ አግዳሚው «ኧረ ጨርቅ ጣልባት» ይለኛል። ያን ፎጣ የቡሬን ጡት መጥረጊያ አድርጌዋለሁ። ይምጡና እስኪበቃዎት ይዩአት።

የወንድምዎ ልጅ
አብዱልፈታ
ድሬ ጠያራ