ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ጸሐይ፤

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? የአሶሳውን ሙቀት አሁንስ ለመዳችሁት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የቡና ለቀማው ተጧጡፎ ከተማው ሰው በሰው ሆኗል። ደኅና ነን ማለቴ ግን ለአፍ ያህል ነው፤ እኔስ ቅናት ሊገድለኝ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ፣ ልጄ ባርኮት እንዳትሰማኝ ብዬ ነው።

ዘንድሮ እኔ ወደማስተምርበት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ሳምራ የምትባል መምህርት ከጨለለቅቱ ተቀጥራ መጣች። እኔ ሦስተኛ ክፍል ኤን፣ እሷ ቢን ይዘናል፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ ከወዲያ በኩል ኮሽታ የለም። አርጩሜ አትይዝ፣ ጆሮ አትቆነጥጥ። ልጆች ሲጣሉ እንደ አባቶቻችን የዕርቅ ሸንጎ፣ እንደ ሶንጎ፣ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ በዳይም ተበዳይም ይናገራል፣ ካሳውን ልጆቹ ይፈርዳሉ፣ ከዚያ ተቃቅፈው ይጸልያሉ። የጓደኛውን እርሳስ የሰበረ አንድ ልጅ በጓደኛው ተራ ሰሌዳ እንዲያጠፋለት ተፈርዶበት፣ እየዘመረ ሲያጠፋ በመስኮት አየሁት። ርዕሰ መምህራችን አቶ መልከጼዴቅ በስብሰባ ላይ ከሳምራ ተማሩ አሉን። ትናንት ከመጣች ልጅ! እጄ አጨበጨበ፣ ሆዴ አረረ።

እኔ እኮ ጨካኝ አይደለሁም። ዱላ ከተውኩ ቆየሁ። የክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅጣቱም በእግዚአብሔር ቃል ይሁን ብዬ፣ የረበሸውን ሁሉ መዝሙር ሃያ ሦስትን፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን፣ አስገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ፊት ወጥቶ በቃሉ ይለዋል። ባርኮትም እኔው ክፍል ናትና፣ ልጄም ብትሆን አልምራትም፤ መምህርት ለልጇ አደላች እንዳይሉኝ እንዲያውም አጠብቅባታለሁ። ሳምራ አንድ ቀን በትሕትና፣ ቲቸር መሲ፣ ቃሉን ቅጣት ባታደርጊው አለችኝ። የራስሽን ክፍል ያዢ ብዬ አሳፈርኳት። በዚያው ሰሞን ባርኮት ምሳ ላይ፣ እማዬ እኔንም ቢ ክፍል አስገቢኝ አትለኝም?

ባለፈው እሁድ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ፕሮግራም ነበረን። የኔዎቹ መዝሙሩን ከማንም በላይ ያውቁታልና፣ ዛሬ ሳምራ ታየኛለች ብዬ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። መጋቢው ባርኮትን ወደ መድረክ ጠርተው፣ እስቲ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን በይልን አሏት። ልጄ መጋቢውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ፣ ምን አጠፋሁ? አለች።

ሰዉ ሳቀ። ሳምራ አልሳቀችም፤ ሄዳ አቀፈቻት፣ ልጄም አንገቷ ሥር ተሸጎጠች። እትዬ፣ ላንቺ አልዋሽም፣ ያን ጊዜ እንኳ ከማፈሬ ቅናቴ ቀደመ።

ሰኞ ጠዋት አቶ መልከጼዴቅን አስፈቅጄ ባርኮትን በእጄ ቢ ክፍል አስገባኋት። ሳምራን ግን ቀና ብዬ አላየኋትም። ምከሪኝ፣ ቆጪኝም፤ ጥቅስ ብቻ እንዳትጽፊልኝ።

ወንድይፍራውን ሰላም በይልኝ። ሀኒን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጆሲ ቁመቱ ስንት ደረሰ? እማማ ሸዋአለም ጉልበታቸው ይጽና፣ በጸሎት አይርሱኝ። ባርኮትም አክስቴን ሳሚልኝ ብላኛለች። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ስትስቅ ድምፅዋን ለይቼ እሰማዋለሁ። እኔ ክፍል ሳለች ስቃ ታውቅ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

እህትሽ መሰረት
ይርጋጨፌ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.