ጭቃ ያቦካው ጌታ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ አንተ እንደምትፈልገው ባይሆንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲያሰኘኝም እስቃለሁ።

በእትዬ በኩል የላክህብኝ መልእክት ደርሶኛል። ምስኪን፣ ልብስ የማጥብበት ላውንደሪ በር ላይ ቆማ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየመታት፣ ያልከውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ። ስለ አለማመኔ በጉባኤው ፊት ንስሐ እስክገባ ድረስ ከመዘምራን መሃል እንዳልቆም ብለሃል። አላደርገውም። ገና ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ እያነበብክ ስትሄድ መጨረሻው ላይ እለሳለስልህ ይሆናል ብለህ እንዳትጠብቅ።

እስቲ ነገሩን እንደነበረ ላስታውስህ። ጡቴ ላይ እብጠት የተገኘ ጊዜ ሐኪሞቹ ኪኒኑንም በደም ሥር የሚሰጠውንም መድኃኒት ጀመሩልኝ። አንተ ግን ተፈውሰሻል፣ መድኃኒት መዋጥ ጌታን መጠራጠር ነው አልከኝ። አመንኩህ። ጌታን ስለማምን ብቻ አይደለም፣ አንተንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማምንህ ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ ኪኒኖቼን አስረከብኩህ፣ አንተም ወደ ላይ አንስተህ ለሕዝቡ አሳየህ፣ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። መዳኔን ለእብጠቱ የነገረው ግን አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ እስከ ብብቴ ዘለቀ። መጥቼ ስነግርህ ዓይኔን እንኳ ሳታይ እምነትሽ ጎድሏል አልከኝ።

ከበሽታው ይልቅ ያ ንግግርህ ነው የጣለኝ። ከሥራ ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛ ጀመር። መጸለይ እንኳ አፈርኩ። ያልዳንኩት በራሴ ጥፋት ከሆነ በየትኛው አፌ ልለምነው? ስለ ጨለማ ስትሰብክ ብዙ ጊዜ ሰምቼሃለሁ፤ አንተ የምታወራው መብራት ሲጠፋ ስላለው ነው። የእኔው ፀሐይ ወጥታም አይነጋም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካውያው እስኪግል ስጠብቅ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። አዎ፣ በግልጽ ተጣላሁ። እዚያ የማሽን ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማኛል ብዬ፣ ከፈለግህ ግደለኝ፣ ግን ድኛለሁ እያልኩ እንድዋሽ አታድርገኝ አልኩት። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ብቻ እናታችን ትነግረን የነበረው ያ ዓይነ ስውር ሰው ድንገት ትዝ አለኝ። ጌታ በአንድ ቃል ሊያድነው ሲችል ጎንበስ ብሎ በምራቁ ጭቃ አቦካ። ዓይኑን ቀባውና ሄዶ እንዲታጠብ አዘዘው። ሰውየውም ያን ጭቃ ፊቱ ላይ ተሸክሞ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው ሄደ። እስቲ ንገረኝ ወንድም ጋሼ፣ ጭቃው እምነት ማጣት ነበር? ውሃውስ? ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ ኖሬ ይሄ እንዴት እስከዛሬ አልገባኝም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ካውያውን ነቀልኩና በሥራ ልብሴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከእምነቴ ሸሽቼ አይደለም፣ እምነቴ መርቶኝ ነው የሄድኩት። ሽማግሌዎችህ ይሄንን ልብ ብለው ይስሙት።

ሐኪሟ ዘግይተሻል አለችኝ፣ የደበቀችኝ ነገር የለም። እንሞክራለን አለች። እኔም እየሞከርኩ ነው።

ያለፈው እሑድ ፀጉሬ ስለረገፈ ሻሽ አስሬ ነበር የመጣሁት። በሩ ላይ ስደርስ ምን ሰርቄ ነው የምሸፈነው ብዬ ፈታሁት። መላጣ ራሴን ይዤ የመዘምራኑ የፊተኛው ረድፍ ላይ ቆምኩ። አንተ ስብከትህ ጠፋብህ፣ አንዱን ሐሳብ ደጋግመህ ጀመርከው። እኔ ግን ዘመርኩ። እያየች ያጨበጨበችልኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች። እሷ በቃችኝ።

የእኛን ሥራ ታውቀዋለህ። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእጄ እያገላበጥኩ እለየዋለሁ። ደም የነካው ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሙቅ ውሃ ካገኘው እድፉ አይለቅም። እትዬ መልእክትህን ስታደርስ ያመጣችልኝ ልብስ ውስጥ ካልሲዎችህ ነበሩ። ከየጥንዱ አንዱ ንጹሕ ነው። ሌሎቹን ለማንም ሳላሳይ ለብቻቸው ዘፈዘፍኳቸው። እትዬም ያየቻቸው አልመሰለኝም፣ ሸሚዝህ ውስጥ ጠቅልለህ ነው የላክሃቸው። እሑድም እንደ ወትሮህ ወዲያ ወዲህ እያልክ አልሰበክህም፣ መድረኩን ተደግፈህ ቆምክ። አባታችን በስኳር ሕመም እግሩን ያጣ ጊዜ ክራንቹን ይዘህ ትከተለው የነበርከው አንተ ነህ። የእኔን ኪኒን በአደባባይ ተቀበልከኝ፣ የራስህን የት እንደጣልከው አልጠይቅህም።

ተቀይሜሃለሁ፣ ቂሜም ገና አልወጣልኝም። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት የሕክምና ተራዬ ነው። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ቁስል የሚታይበት ክፍል አለ። ለሲስተሯ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። በማለዳ መጥቼ በርህን አንኳኳለሁ። አልከፍትም ካልክ ደጅህ ላይ ቆሜ መዝሙር እጀምራለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያየናል። ሰፋ ያለ ጫማ አድርግ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለን አንተ ለእኔ ጸልይ፣ እኔም ላንተ እጸልያለሁ። እምነት ያነሰን እንደሆነ እዚያው እንበዳደራለን።

ልጆቹን ሳምልኝ። የታመመን የማይንቅ ጌታ በሁለት እግርህ ያቁምህ።

እምቢተኛዋ ታናሽ እህትህ