ለጌታሁን እግር የሠራሁት ማሽን

ሰኞ

ማሽኗ ዛሬም እንቢ አለች። ገመዱን ትስባለች፣ ከሳበች በኋላ ግን አትለቅም። የመበየጃ ካውያዬን ከሰል ላይ እያጋልኩ ሁለት ቦታ በየድኩ፣ አንዱ ወዲያው ተነቀለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ እንዲጠራልኝ ልጻፈው። ባሌ ጌታሁን የመሥሪያ ቤቱን ላንድክሩዘር ይነዳል፤ አቦቦና ዲማ ድረስ መድኃኒትና በሽተኛ ያመላልሳል። ረጅም መንገድ ላይ ነዳጁን እንደረገጠ ቀኝ እግሩ ትደነዝዛለች። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አለቃው ከሰሙ መሪውን ይቀሙታል። ያለ መሪ ደግሞ ጌታሁን ምን እንደሚሆን እንጃ፤ ሰው በዓል ሲያከብር እሱ መኪና ሲያጥብ የሚውል ሰው ነው። ስለዚህ እግሩ እንድታርፍ፣ ፍጥነቱን ራሷ የምትይዝ ማሽን እየሠራሁለት ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ማግባት ጥቅሙ ይኸው ነው አልኩት። "ቲቸር፣ መጀመሪያ የቤቱን ራዲዮ ሥሪ" አለኝ።

ያለኝ፦ ከተቀደደ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት፣ ከአሮጌ ቴፕ የነቀልኳቸው ትራንዚስተሮች፣ ከወደቀ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር። የሌለኝ፦ ትዕግሥት።

ረቡዕ

ሠራች! ማግኔቱን የኋላ ጎማ በሚያዞረው ብረት ላይ አስሬዋለሁ። ብረቱ ሲዞር ማሽኗ ፍጥነቱን ታውቃለች፤ ሲቀንስ ሞተሯ የነዳጁን ገመድ ይስባል፣ ሲበዛ ይለቃል። መኪናዋን በክሪክ አንስተን ጎማዎቹን በአየር ላይ አዞርናቸው። ጌታሁን እግሩን ከነዳጁ አንስቶ እንደ ልጅ ሳቀ።

ፍሬን ሲረገጥ ማሽኗ እንድትለቅ ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ጋር ማገናኘት ነበረብኝ። መብራቱ ግን መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ የለም። "ከኋላዬ ማን አለና?" ይላል ጌታሁን። እውነቱን ነው፣ በዚህ አገር መንገድ ከኋላ የሚከተል አቧራ ብቻ ነው። ክልል ከሆንን ወዲህ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ማኅተም አስቀርጿል፣ መኪናዋ ግን ያችው ናት። አምፖል ለወጥኩ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ቀጠልኩ፣ ፔዳሉን በእጄ ጫን ሳደርገው ቀዩ በራ። ማሽኗም ገመዱን ለቀቀች።

ቅዳሜ

ልንሞት ነበር።

አቦቦ መድኃኒት የሚያደርስ ስለነበር እኔም አብሬው ሄድኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። ማብሪያውን ጫንኩ፣ እግሩን አነሳ፣ መኪናዋ ፍጥነቷን ይዛ ሄደች። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ከሠርጋችን ወዲህ ነው ብል አልዋሸሁም። ከሰፈራው መንደር አጠገብ ከብቶች ከሣሩ ውስጥ ብቅ አሉ። "ፍሬን!" ብዬ ጮህኩ። "ያዝኩ!" አለ። መኪናዋ ግን እንደያዘችው ትነጉዳለች። ማብሪያውን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣ እሱ መሪውን ወደ ሣሩ ጠመዘዘው። ቆምን። ከብቶቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩንም።

"እኔ ፍሬን ረግጬ ማሽንሽ አልለቅም አለች! ልትጨርሺን ነው?" አለኝ። በትዳራችን እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። የሠራኋት እኔ ነኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም ፈትቼ አየሁ። ፔዳሉን በእጄ እጫናለሁ፣ መብራቱ ይበራል፣ ማሽኗ ትለቃለች። ደግሜ እጫናለሁ፣ ትለቃለች። የራሴን ስህተት እንዲህ አጥብቄ ፈልጌ አላውቅም።

ጌታሁንን ጠራሁትና መሪው ጋ ተቀመጠ። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ቆምኩ።

"ርገጥ!"

"ረግጫለሁ!"

መብራቱ ጭል አላለም።

"ጌቱ፣ ርገጥ እንጂ!"

"ረግጫለሁ እኮ! ምን ሆነሻል?"

ዞሬ ሄጄ በሩን ከፈትኩት። እግሩ ከፔዳሉ ጎን ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሏ ተጭናለች። እሱ ወደ ፊት እያየ ነው። ፊቴን አየና ቀስ ብሎ ወደ ታች ጎንበስ አለ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም፣ ከብቶቹን ልንገጭ ስንልም እንዲህ አልደነገጠም።

አሁን ገባኝ። ነዳጅ ላይ ሳለች እግሩ የት እንዳለች የሞተሩ ድምፅ ይነግረው ነበር። እኔ አሳረፍኩለት። አንዴ ከተነሳች በኋላ ግን የት እንዳረፈች የሚነግረው የለም።

ማክሰኞ

ትናንት ስንጨቃጨቅ ዋልን። "ወደ ታች እያየሁ እረግጣለሁ" ይላል። "መንገዱንስ ማን ያይልሃል?" አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ተረት ብጨምርበት ሳይወድ ሳቀ።

ዛሬ ጠዋት ራሱ ሄዶ ቁልፉን ለአለቃው ለአቶ ኡጁሉ ሰጠ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ይዘህ? እኛ ሰው አይደለንም?" አሉት። አዲስ አበባ እንዲታከም ወረቀት ጻፉለት። ሲመለስ መሪው ይጠብቀው እንደሆነ አልተናገሩም፣ እሱም አልጠየቀም። ማሽኗን ነቅዬ አወጣኋት። አለቀስኩ፤ ለማሽኗ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጎሬ

ለሕክምናው ወደ አዲስ አበባ እየሄድን ነው። እስከዚህ ያመጣችን ያችው መኪና ናት፣ አዲስ ሾፌር ይዟታል። ሦስታችንም ከፊት ተቀመጥን፣ እኔ መሐል። ዳገቱን ስንጀምር፣ ሾፌሩ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጌታሁንም ባዶውን ወለል መርገጥ ያዘ። የሾፌር ነገር። ዓይኔን ከእግሩ ላይ መንቀል አቃተኝ። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ እግሩ ወደ ፍሬኑ ቦታ ትሄዳለች፣ አንዱ ላይ ባለችበት ትቀራለች።

ከፍ እያልን ስንሄድ ብርዱ ጀመረ። ጌታሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ፣ "አሁንስ ረገጠች?" አለኝ።

"ረገጠች" አልኩት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።