ያለ ምንይችል ‹ሽምጥ› የለም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለካሳነሽ፤ ባለሽበት ቤሩት።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ማዳምሽስ የእሑድ ዕረፍትሽን መከልከሏን ተወች? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ጤና ሞልቷል፤ የጎደለው የአንቺ ድምፅ ብቻ ነው። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል። ውርጩ ግን ዘንድሮ ቀድሞ መጥቶ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል።

ይህን የምጽፍልሽ እናታችን በስልክ ‹ልጅቱን አገር ጠምዷታል፤ ከሥራዋም ልትወጣ ነው› ብላ እንዳስጨነቀችሽ ስለሰማሁ ነው። ያን ቀን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹ አመለጠሽ። የጎረቤታችን የእትዬ ሸጋ ልጅ ወደዚያው ተመላሽ ስለሆነች፣ በእሷ እጅ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልሽ።

አንቺ ስትሄጂ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩና ሥራዬን በደንብ አታውቂውም። የምንሠራው የስልክ ጌም ነው። እዚሁ እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዘን ስቱዲዮ እንለዋለን። ያቋቋመው ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረው የዳንግላው ልጅ ምንይችል ነው። እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ሥዕሉን እሠራለሁ። ጌማችን ‹ሽምጥ› ይባላል። ተጫዋቹ ፈረስ መርጦ ከዳንግላ ይነሣና አጥር እየዘለለ፣ ከውሻ እያመለጠ፣ በእንጅባራ አድርጎ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ይጋልባል። ሰው የወደደው ግን ግልቢያውን ብቻ አይደለም። ምንይችል አንድ ቀን በፌስቡክ ገጻችን ላይ ‹የቤታችሁን ፈረስ ፎቶ ላኩልን› ብሎ ጻፈ። ከጫግኒ፣ ከጥሊሊ፣ ከየገጠሩ የዳማው፣ የቦራው፣ የአምባላዩ፣ በየመልኩ ያለ ፈረስ ፎቶ ይጎርፍ ጀመር። እኔም እየሣልኩ በየስማቸው አስገባኋቸው። ሰው የአባቱን ፈረስ በስልኩ ሲጋልብ ደስታውን ብታይ!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሥራችንን በገንዘብ የሚደግፉት የአዲስ አበባ ሰዎች ፍቅርአዲስ የምትባል ሴት ሥራ አስኪያጅ አድርገው ላኩ። በዚያው ሳምንት ምንይችል የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ‹በሉ ደህና ሁኑ› ብሎን ወጣ። ለምን ብንለው ‹ደክሞኛል› ብቻ አለን። ገጻችን ላይም ምንይችል በኃላፊነት እንደማይቀጥል የምትገልጽ አጭር ማስታወቂያ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገርሽ። ሰዉ ‹አባረሩት› ብሎ አመነ፤ ጌሙ በሚወርድበት ገጽ ላይ አምስት ኮከብ ይሰጡን የነበሩት አንድ አንድ ኮከብ እየሰጡ ‹ከሃዲዎች› ይሉን ጀመር። ፍቅርአዲስን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ለጠላት የማይባል ስድብ ጻፉባት። ሽባባው የሚባል የዳንግላ ባጃጅ ነጂ አለ፤ እንደሱ ‹ሽምጥን› የሚወድ ሰው አልነበረም። እሱ ደግሞ በባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ በትልልቁ ‹ያለ ምንይችል ሽምጥ የለም› ብሎ ለጥፎ ከተማውን ሲያካልል ሰነበተ። ጓደኞቹም እየተከተሉት ጌሙን ከስልካቸው አጠፉ።

አልዋሽሽም፣ ፍቅርአዲስም ጥፋት አላት። ጌሙ ለአነስተኛ ስልክ ከብዷል ብላ የሰዉን ፈረሶች አስወጣችና ስም የሌላቸው ጥቂት ፈረሶች አስገባች። ‹ተይ፣ ይሄ ሰውን ያስቀይማል› ብላት ‹ለጊዜው ነው› አለችኝ። ሰዉ ግን ጌታቸውን አባርራ ፈረሶቹንም ነዳቻቸው ብሎ ደመደመ።

ነገሩ ቤታችንም ገባ። እናታችን ገበያ ላይ ቅቤ ስታማርጥ አንዲት ሴት ‹ልጅሽ የሰው ልጅ ካባረረች ሴት ጋር ትሠራለች አሉ› ብላ በሰው ፊት ተናገረቻት። እኔ ቤት ስገባ በአዊኛ ተቀበለችኝ፤ እናታችን በአዊኛ መቆጣት ከጀመረች ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ታውቂያለሽ። ‹ወይ ልጁን መልሱ፣ ወይ አንቺም ውጪ!› አለችኝ። እኔም ልቤ ለመውጣት ቆርጦ ነበር። ግን እሱን ሳልጠይቅ መውጣቱ አልሆነልኝም፤ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ።

ምንይችልን ያገኘሁት ከአባቱ ማሳ ጤፍ ሲያጭድ ነው። ፀሐይ ፊቱን አጥቁሮታል። እየሳቀ ተቀበለኝ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

‹እውነቱን ንገረኝ፣ አባረሩህ?› አልኩት።

‹ማንም አላባረረኝም። ሰው ላኩልኝ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ› አለኝ።

አለቃ ከሆነ ወዲህ ኮድ የሚጽፍበት ጊዜ እንዳጣ፣ ከስብሰባ ወደ ግብር ቢሮ ሲመላለስ መዋል እንዳንገሸገሸው፣ ጌሙን ራሱን እስከመጥላት እንደደረሰ ነገረኝ።

‹ታዲያ ለምን አትናገርም? ሰው እኮ እሷን እየሰደበ ነው!›

አንገቱን ደፋ። ‹መጀመሪያ ልናገር ነበር። ኋላ ሰው እንዲያ ሲቆረቆርልኝ ሳይ ደስ አለኝ፣ እህተማርያም። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ቆየሁ።›

‹አንተ ደስ ሲልህ እሷ በር ዘግታ ታለቅሳለች። እኔም ከእናቴ ጋር ተኳርፌያለሁ› አልኩት። ድምፄ ሳይታወቀኝ ጮኾ ነበር መሰለኝ፣ የሚያጭዱት ሁሉ ቀና ብለው አዩን። እሱም ማጭዱን አስቀመጠና ‹ሰዎቹን ሰብስቡልኝ፤ እመጣለሁ› አለኝ።

ይህንኑ ለፍቅርአዲስ ነገርኳትና እሑድ ተጫዋቾቹን ወደ ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ጠራቻቸው። አዳራሹ ሞላ፤ ሽባባው ከፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት። ‹ፈረሶቹን ማስወጣቴ ስሕተት ነበር። ለእናንተ ምን እንደሆኑ አልገባኝም ነበር። ይመለሳሉ፤ ስማቸውም አይነካም› አለች። ወዲያው ምንይችል ከኋላ ተነሥቶ ለእኔ የነገረኝን ለሁሉም ነገራቸው፤ ሰው ሲቆረቆርለት ደስ ብሎት ዝም ማለቱንም አልደበቀም።

ያጨበጨበ የለም። ሽባባው ቀስ ብሎ ቆመ። ‹እኔ ለአንተ ብዬ ከስንቱ ተጣላሁ። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር?›

‹አዎ፣ አይህ ነበር። ይቅር በለኝ።›

ሽባባው ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ።

ፈረሶቹ በሳምንቱ ተመለሱ። ተጫዋቹም ቀስ በቀስ እየመጣ ነው፤ ሁሉም ግን አልመጣም፤ አሁን ደግሞ ምንይችልን የሚሰድቡ አሉ። እሱ አለቃነቱን ትቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ኮዱን ይጽፋል። ፍቅርአዲስ ስታዘው ‹እሺ› ሲል መስማት መጀመሪያ ግር ብሎን ነበር። እናታችንም እውነቱን ስትሰማ ‹እንግዳ ልጅ በአገራችን ተሰድባ!› ብላ አዘነችና ፍቅርአዲስን ቤት ጠርታ አጥግባ አበላቻት። እኔና እናታችንም ታርቀናል።

ባለፈው ሐሙስ እኔና ፍቅርአዲስ ለሥራ ዳንግላ ወርደን ነበር። ስንመለስ ወደ መናኸሪያ የሚያደርሰን ባጃጅ ብናስቆም ነጂው ሽባባው ሆኖ አረፈው። እኔ ልመለስ ስል እሷ ገብታ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ ነዳ። ደርሰን ስንወርድ ግን ‹ቆዩ› አለና ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ለእሷ አሳያት፤ ጥቁር ፈረስ ነው፤ ያረጀ።

‹የአባቴ ጉራች ነው። ባለፈው ዓመት ሞተ። ያኔ ፎቶ ላኩ ስትሉ፣ እርጅናውን አይቼ ልልክላችሁ አፍሬ ነበር› አላት።

ፍቅርአዲስ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ‹በየትኛው እግሩ ነበር መጀመሪያ የሚነሣው?› ብላ ጠየቀችው። ሽባባው ከባጃጁ ወረደና እንደ ፈረሱ መሬቱን እየረገጠ ያሳያት ጀመር። የእንጅባራው ሚኒባስ ሞልቶ ተነሣ፤ ማናችንም አልሮጥንም።

ስለዚህ እታለም፣ ስለ እኔ ሥጋት አይግባሽ። ሥራዬ ላይ ነኝ።

እናታችን ዓይኗን እየጠረገች ትስምሻለች፤ ‹ወገቧን ከብርድ ትጠብቅ› ብላለች። ወንድማችን ውዱ ቁመቱ በልጦኛል፤ ሰላም ብሎሻል። አክስታችን እመቤትም በጸሎት ታስብሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለዋጋዬም በዓይን ያላየቻት እህቷ ሰላም ብላታለች በይልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ እህተማርያም
እንጅባራ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.