በሰሃን እጥበት የሚሸጥ ድል

ወዳጄ ተስፋዬ፣

ተበድያለሁ። የእህቴ ልጅ የምንያህል ሶፋ ከልስላሴው የተነሳ አንዴ ከተቀመጥኩበት የሚያስነሳኝ ሁለት ሰው ነው። ይህንንም ሰምጬ ነው የምጽፍልህ።

ዛሬ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከሚሺጋን ጋር ይጫወታል። ከተማቸው ኮሎምበስ በሙሉ የቡድኑን ቀይ ለብሷል። የምንያህል ልጅ ቢታንያ ደግሞ ሳሎን ውስጥ የትንበያ ገበያ ከፍታለች። ኦሃዮ ካሸነፈ ቲኬት የሸጠ ሰው ለገዢው ከዛሬ ጀምሮ አሥር ቀን ሰሃን ያጥባል፤ ከተሸነፈ ቲኬቱ ባዶ ወረቀት ነው። ገዢውም ቢሆን ለሻጩ የሚከፍለው በእጥበት ቀን ነው። የአንዱ ቲኬት ዋጋ ዘጠኝ ቀን ገባ።

"ከአሥር ዘጠኝ እጁ እናሸንፋለን ማለት ነው" አለችኝ።

እኔ የፋሲካ ዋዜማ የበግ ገበያ ትዝ አለኝ። እዚያ ዋጋው የሚነግርህ የበጉን ስብ ሳይሆን የገዢውን ጉጉት ነው። እዚህ ቤት ሚሺጋንን የሚደግፍ አንድ ሰው የለም። ስለዚህ ለሁሉም ደጋግሜ ሸጥኩላቸው።

"ጋሼ፣ ኦሃዮን አይወዱም እንዴ?"

"እወዳለሁ። ሰሃን ማጠብ ነው የማልወደው።"

ሚሺጋን ሲመራ ዋጋው ወደ ሦስት ወረደ፤ እግሬን ዘርግቼ ሳቅኩባቸው። አሁን ግን ኦሃዮ መምራት ጀመረና ዋጋው ስምንት ገባ። ካሸነፉ፣ የከፈሉኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን ተቀንሶ እንኳ በየቲኬቱ በሚተርፈው አንድ አንድ ቀን አገሬ እስክገባ እጄ ከሳሙና አይወጣም።

ወረቀቱ አለቀ። እትዬ አፀደን ሳምልኝ፤ ጎረቤቶቹንም በየተራ።

ጣሰው

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። የእነ ምንያህል ንስሐ አባት አባ ዘካርያስ ናቸው። ሳይነግሩን ከመዝሙር ጥናት የወጡ ሃያ ወጣቶች አስከትለው መጥተዋል፤ ምሳም አልበሉም። ተስፋዬ፣ ለሚሺጋን ጸልይልኝ።