የጽናት ዋንጫህና ቀኝ እግርህ

ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ በሄድክበት ሰው ይውደድህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ብቻ ማፍሰሱን አልተወም።

ትምህርት ቤትህ በእግር ኳስ ለጸባይህና ለጽናትህ የሸለመህን ዋንጫ ይዘህ የተነሳኸውን ፎቶ፣ አባትህ በፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈው። ወለሉን ስጠርግ የሚላጨው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እላለሁ፤ ሌላ ምን ልበል? ፎቶው ላይ ግን በቀኝ እግርህ በቅጡ አልረገጥክም። ለአባትህ ብነግረው «የእኔ ልጅ እጅ አይሰጥም!» ብሎ አፌን አስዘጋኝ። አንተስ የጽናት ዋንጫ ታቅፈህ በምን አፍህ «አመመኝ» ትላለህ?

ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ። በሞቴ፣ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ኳሱን ትተህ ተቀመጥ ካለህም ተቀመጥ። ዋንጫው እዚያው ይቅር፤ አንተ ብቻ በሁለት እግርህ ግባልኝ።

እናትህ